የጀልባዋ ወዝ

አማቴን፣ የባሌን አባት ማለቴ ነው፣ ፊት ለፊት አንቱ እለው ነበር። በልቤ ግን አንድም ቀን አንቱ ብዬው አላውቅም፤ እዚህም አልጀምርም። እሱም በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም። አዶላ ከምትባለው ከክብረ መንግሥት ስለመጣሁ «የአዶላዋ» ይለኛል፤ ሲብስበት ደግሞ «አንቺ» ብቻ። ከሃያ ዓመት በላይ በአንድ ግቢ ስንኖር ያላጣላን ነገር የለም፤ ጠቡ ሁሉ ግን ዞሮ ዞሮ ጀልባዋ ላይ ያርፋል።

ነጌሌ ላይ ጀልባ ምን ትሠራለች የሚል ካለ፣ እኔም በሙሽርነት የገባሁ ቀን የጠየቅሁት ይህንኑ ነው። አማቴ በቀድሞው ጦር የመሃንዲስ ክፍል አሥር አለቃ ነበር። የገናሌ ወንዝ ሲሞላ ገመድ ይዞ በጀልባ ይሻገርና ለወታደሩ መሻገሪያ ይዘረጋል። መንግሥት ሲለወጥ ጦሩ ተበተነ፣ ካምፑም ባለቤት አጣ፤ የሰፈሩ ሰው ገብቶ የሚረባውን ሁሉ አወጣ። ቆርቆሮ የወሰደ አለ፣ የብረት አልጋ የወሰደ አለ፣ ጎረቤታችን የወሰደችው የወታደር ድስት እስከ ዛሬ በየሠርጉ ይዞራል። አማቴ ጀልባ ወሰደ። በአህያ ጋሪ ጭኖ፣ አፍንጫዋን ወደ ሰማይ አንጋጦ፣ ሰው ውሃ በጀሪካን እየገዛ ወደሚጠጣበት ከተማ መሃል አስገባት። የባሌ እናት ያኔ በሕይወት ነበረች። «ከዚያ ሁሉ ጦርነት ተርፈህ የመጣኸው ይህን ይዘህ ነው?» አለችው ይባላል።

እኔ ስገባ እሷ ሞታለች። ባሌ የሞያሌ መንገድ ሹፌር ነው፤ በሳምንት አንድ ቀን ካየሁት ተመስገን ነው። ግቢው ውስጥ የቀረነው እኔና አማቴ፣ እንዲሁም በስተምሥራቅ አጥር ሥር ተደፍታ የተኛችው ጀልባ ነበርን። አራት ሜትር ትሆናለች። ከእንጨትም ከብረትም አይደለችም፤ ፋይበር የሚሉት፣ ከመስታወት ክርና ከሙጫ የተሠራ ነገር ነው። ከላዩ ቀጭን፣ ጠንካራ፣ የሚያንጸባርቅ ልባስ አለው። አማቴ ያንን ልባስ «ወዟ» ይለዋል። ልብስ ላሰጣባት ስል ከቤት እየተንደረደረ ይወጣና «ወዟን ትጨርሺዋለሽ!» ብሎ ይጮህብኛል። ልብሴን ሰብስቤ እገባለሁ፤ ደሜ ይፈላል።

የመጀመሪያው የመጋቢት ዝናብ ሲመጣ እሱ ቤተ ክርስቲያን ነበር። የጎረቤቴን ሚስት ጠራኋትና ለሁለት ጀልባዋን ገለበጥናት። ሁለት ድንጋይ ላይ አስቀምጠን፣ አፍንጫዋን ከአሸንዳው ሥር አስገባን። እሱ ሲመለስ እስከ አፏ ድረስ ሞልታለች። ነጠላውን እንዳጣፋ፣ ዝናቡ እየወረደበት ቆሞ አያት።

«ጀልባ ውሃ ላይ ትቀመጣለች እንጂ ውሃ ጀልባ ውስጥ አይቀመጥም» አለኝ።

«ውሃው የታለና አባባ? እስኪመጣ ድረስ ይቺ ትጠብቅልን» አልኩት።

አልደፋውም። እሱም ውሃ ይጠጣል። ግን ነገሩን በእኔ እጅ አልተወውም። ጀልባዋ ከኋላ በኩል፣ ከታች፣ ወደ ደረቅ ስትወጣ ውስጧ የገባው ውሃ እንዲፈስ የተሠራ ቀዳዳ አላት፤ የሚዘጋው እንደ ብሎን በሚጠመዘዝ የነሐስ ውታፍ ነው። ያ ቀዳዳ ቧንቧችን ሆነ፤ አማቴ ደግሞ ባለ ቧንቧ። ከላይ በጣሳ እንዳልጨልፍ ከአሸንዳው ሥር ካለው አፍንጫዋ በቀር ጀልባዋን በሸራ ሸፍኖ በገመድ ጠፈራት። የወታደር ቋጠሮ ነው፤ መፍታቱን እችላለሁ፣ መልሶ ማሰሩን ግን አልችልበትም። ጠዋት ጠዋት ይወጣል፣ ውታፉን ይፈታል፣ ሁለት ጀሪካን ይሞላልኛል፣ መልሶ ያጠብቃል፣ በመሐረቡ ይጠርገዋል። ጠዋት ከተጣላን እስከ ቀትር ውሃ የለም። እንዲህ ነው የኖርነው።

በዓመት ሁለቴ፣ ዝናብ ሳይመጣ፣ ውሃው አልቆ ወለሏ ላይ አረንጓዴ ዝልግልግ ሲቀር ሸራውን ያነሣልኛል። ያን ጊዜ ጀልባዋ የእኔ ናት። ነጌሌ ላይ የውሃ ዕቃ እንዴት እንደሚጸዳ ማንም ያውቃል፤ በአመድና በአሸዋ እስኪንጫጫ ድረስ ማሸት ነው። እጄን እስከ ክንዴ አስገብቼ፣ ሲደክመኝ ደግሞ በባዶ እግሬ ቆሜ እፈትጋታለሁ። በዚያው የዓመቱን ብርድ ልብስ ሁሉ ውስጧ እዘፈዝፍና በእግሬ እረግጠዋለሁ። ንጹሕ ሴት ነኝ። ማንም ሰው መጥቶ ከውሃዬ ቢጠጣ ሆዱን አይቆርጠውም። በዚህ እኮራ ነበር፤ ይህ ቃል ወደፊት ይፈለጋልና ያዙልኝ።

ውጪዋን የበላው ፀሐይ ነው። ስትመጣ ሰማያዊ ነበረች ይላሉ። በእኔ ዘመን መጀመሪያ ገረጣች፣ ከዚያ እንደ ኖራ ግድግዳ ሆነች፤ ቀሚሴ ከነካት ነጭ ዱቄት ይዤ እገባለሁ። አማቴ ግን ፀሐይን ከስሶ አያውቅም። እንግዳ በመጣ ቁጥር በአገጩ ወደ እኔ እየጠቆመ «ወዟን የበላችው ይቺ ናት» ይላል።

ከዚያ ገናሌ ላይ ግድብ ተሠራና ውሃው ተኝቶ ሐይቅ ሆነ። አንድ ረቡዕ አማቴ ከገበያ ሲመለስ ጢሙን ተላጭቷል። ዓሣ ለማስገር በማኅበር የተደራጁ ወጣቶች ጀልባ እየፈለጉ መሆኑን፣ ጀልባ የሚቀዝፍና የሚያሠለጥናቸው ሰው ጭምር እንደሚፈልጉ ሰምቷል። በሚመጣው ሳምንት ሐሙስ ባለሙያ ይዘው ሊያዩዋት ይመጣሉ። ይህን ሲነግረኝ ቁጭ ብሎ አልነበረም፤ ግቢው ውስጥ ወዲያ ወዲህ እያለ ነው። እንደዚያ ሲራመድ አይቼው አላውቅም። ቤት ተቀምጦ የኖረው ሃያ ምናምን ዓመት ሁሉ ለዚያች ሐሙስ የተቀመጠው ይመስል ነበር።

እኔስ? እኔ ያየሁት ባዶ የሚሆነውን የአጥር ሥር ነው። ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ነጌሌ ላይ ውሃ ማለት ሰልፍ ነው፣ አህያ ነው፣ ስድብ ነው፣ ጎበጥ ያለ ጀርባ ነው። ሮቶ የሚሉት ጥቁር የፕላስቲክ ታንከር በየግቢው መቆም ጀምሮ ነበር፤ ባሌ ግን «ጀልባ እያለን ሌላ ታንከር ምን ያደርጋል?» ይል ነበር። ጀልባዋ ከሄደች የእኔ ውሃ አብሯት ይሄዳል። ለአማቴ ይህን ነገርኩት።

«ሃያ ዓመት ገንዳ አድርገሽ ተጫወትሽባት» አለኝ። «አሁን ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። ወዟን የበላሽው አንቺ ነሽ፤ እስከ ሐሙስ አንቺው ትመልሺላታለሽ።»

«አልመልስም» አልኩት።

በማግስቱ እሱ ራሱ ጀመረ። ከባሌ ጋራ የሚሠሩ ሹፌሮች በዓል ሲደርስ መኪናቸውን በናፍጣ ሲወለውሉ አይቷል፤ ጨርቅ በናፍጣ ነክሮ ጀልባዋን ከአፍንጫዋ እስከ ኋላዋ ወለወላት። እውነትም አበራች። ወንበር አውጥቶ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ። እስከ ረፋድ ድረስ ነው። ከዚያ ነፋስ ተነሣና የነጌሌ ቀይ አፈር ናፍጣው ላይ ተለጠፈ፤ ቀትር ላይ ጀልባዋ በቀይ ዱቄት የተነከረች ሆነች፣ ዝንቡም ከየት እንደመጣ እንጃ። ሳቄን መያዝ አልቻልኩም። ጮክ ብዬ ነው የሳቅሁት፣ ጎረቤት እስኪሰማ። ጨርቁን ወረወረብኝ።

ማታ ባሌ ከሞያሌ መንገድ፣ ከዱብሉቅ፣ ደወለ። «ለእኔ ስትዪ እርጂው» አለኝ። ለእሱ ስል አይደለም የጀመርኩት፤ ይህን እውነቱን ልናገር። ያ ሽማግሌ ያልቻለውን ነገር እኔ ችዬ ዓይኑ ሥር ላቆምለት ስለፈለግሁ ነው። ባለሙያውም አይቷት እንደሚስቅና እንደሚሄድ እርግጠኛ ነበርኩ። ሲሄድ ጥፋቱ በእኔ እንዳይመካኝ ብቻ ነበር የፈለግሁት።

አውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ የመኪና ቀለም የሚሠራ የቦረና ሰው አለ። ዓርብ ጠዋት ሄድኩ።

«አካም?» ብዬ በኦሮምኛ ደኅንነቱን ጠየቅሁት።

«ናጋ፣ ናጋ። ምን ተጋጨ?»

«አልተጋጨም። ጀልባ ነው።»

ብዙ ጊዜ ሳቀ። ከዚያ እጁን ጠርጎ አስረዳኝ፤ ሰው የሚያከብር ሰው ነው። «መኪና አይደለም እህቴ። መኪና ላይ ቀለሙ ብረቱን ያለበሰ ነው፤ ብትልጪው መልሰሽ ትቀቢያለሽ። ይሄኛው ግን የራሷ ቆዳ ነው፣ ቀጭን ነው። ፀሐይ የገደለው ከላይ ከላዩን ነው፤ ከሥር ደህናው አለ። የሞተውን ብቻ ታነሺያለሽ። ሱታ፣ ሱታ፤ ቀስ እያልሽ። ቸኩለሽ ቆዳውን ከጨረስሽ ከሥሩ ክር ነው፤ ክሩ ደግሞ ቢሻን ይጠጣል።» ቢሻን በኦሮምኛ ውሃ ነው። ሦስት ዓይነት ብርጭቆ ወረቀት፣ ግማሽ ቆርቆሮ ማለስለሻ ቅባትና ሰም ሰጠኝ። ፀሐይ ላይ እንዳልሠራ፣ መጀመሪያም ማንም የማያየው ቦታ ላይ እንድሞክር አስጠነቀቀኝ።

ቅዳሜ ማለዳ ውሃውን አወጣሁ። በቤቱ ያለውን ዕቃ ሁሉ፣ እንስራውን፣ ባልዲውን፣ የሕፃን ገንዳ የነበረውን ሳይቀር ሞላሁ፤ የተረፈው በግቢው ፈሰሰ። አማቴ ሲፈስ ያየው ነበር፣ ምንም አልመሰለው። ከጎረቤቴ ሚስት ጋራ ጠርዟን በድንጋዮቹ ከፍ አድርገን ደፋናትና በሳሙና አጠብኳት። በራሷ ውሃ።

ከኋላዋ ጎን ክንዴን የምታክል ቦታ መረጥኩ። ወፍራሙን ወረቀት እያረጠብኩ ማሸት ጀመርኩ። ወተት የመሰለ ነጭ ውሃ ይወርዳል። በጨርቅ ስጠርገው ያው ግራጫ ነው። መካከለኛውን ያዝኩ፤ ወተቱ ቀጠነ። በመጨረሻው፣ ጣት ላይ ወረቀት በማይመስለው፣ አሸሁት። ከዚያ ቅባቱን በጨርቅ ጫፍ ይዤ ክንዴ እስኪዝል አሽከረከርኩ። ስጠርገው ሰማያዊ ነው። የገረጣ ሰማያዊ አይደለም፤ ከሥር የተደበቀው፣ የድሮው። ጎንበስ ስል ፊቴን አየሁት፤ ግንባሯን የቋጠረች፣ ላብ ያጠመቃት፣ የተቆጣች ሴትዮ ናት። ሃያ ዓመት ሙሉ በዚህ ፊት ነው እንዴ የኖርኩት አልኩ።

አማቴ በርጩማ አምጥቶ ተቀምጧል። «በክብ አታሺ፣ ቀጥ አድርገሽ!» ይላል። ቀጥ አድርጌ ሳሽ «ጥግ ጥጉን ረሳሽ!» ይላል።

«ያምጡ እጅዎን፣ እርስዎ ያሹ» ብዬ ወረቀቱን ዘረጋሁለት።

ተቀበለኝ። ሁለቴ ሦስቴ ሳበው። ወረቀቱ ከጣቱ አምልጦ ወደቀ። አንሥቶ መለሰልኝ። ከዚያ በርጩማውን ይዞ ወደ ቤት ገባ፤ እኔም ዕረፍት አገኘሁ።

እሑድ አልተሠራም። ሰኞ ጠዋት ግራ ጎኗን ጨርሼ ወደ ሆዷ ልወጣ ስል ወረቀቱ ከእጄ አመለጠና ከሥሯ ገባ። በክንዴ ተስቤ በጠርዟ ሥር ገባሁ። ውስጡ ጨለማ ይሆናል ብዬ ነበር። አልነበረም። አሁን ጣሪያዬ በሆነው ወለሏ ላይ፣ ወደ ኋላ ቀረብ ብሎ፣ ከትሪ የማይበልጥ ቦታ በቢጫ ብርሃን በርቷል። ከላይ ፀሐይ ነው፤ በጀልባዋ በኩል ወደ እኔ የሚገባ ፀሐይ። በአውራ ጣቴ ጫን አልኩት። እንደ በሰለ ማንጎ ገባ አለልኝ።

እዚያው ሥር ተኝቼ ሁሉንም ተረዳሁት። ያ ቦታ ድንጋዩ ላይ ያርፍ የነበረው ነው። ሃያ ዓመት ውሃ ከውስጥ እየተጫናት ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች፤ እኔ ደግሞ ውስጧ ቆሜ ብርድ ልብስ ረግጫለሁ። አመድና አሸዋው ቀጭኑን ቆዳ ጨርሶታል፤ ቀለም ሠሪው ውሃ ይጠጣል ያለው ክር ራቁቱን ቀርቷል። ከሥሯ ያለው መሬት ሁልጊዜ ይረጥብ ነበር፤ ዶሮዎቹ በሙቀት ጊዜ እዚያ ነበር የሚተኙት። እኔ ከላይ የፈሰሰ ይመስለኝ ነበር። ግቢ ውስጥ ለውሃ መያዣ ትበቃለች። ሐይቅ መሃል ሰው ጭና ግን አትመለስም። የጨረስኳትም እኔ ነኝ፤ በዚያ በምኮራበት ንጽሕናዬ።

ወጣሁ። አማቴ በርጩማው ላይ ነው። «ምን አገኘሽ?» አለኝ።

«ወረቀቴን» አልኩት።

ሦስት ቀን ዝም አልኩ። ሰኞን፣ ማክሰኞን፣ ረቡዕን። ለእሱ አዝኜ አይደለም። ብናገር ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ፤ እስክሞት ይሰድበኛል። ዝም ብል ውሃዬ ይሄዳል፣ ሰውም ሊሞት ይችላል። ሁለቱንም እያወቅሁ ማሸቴን ቀጠልኩ፤ ያን ለስላሳ ቦታ ሳይቀር፣ እንዳይበሳ በመዳፌ ቀስ እያልኩ፣ አበራሁት። እጄ ሥራውን ወዶታል። ረቡዕ ማታ ሰሙን ጨርሼ ስነሣ ግቢያችን ውስጥ እንደዚያ ያማረ ነገር አልነበረም፤ በሠርጌም ቀን አልነበረም።

ሐሙስ ባለሙያው መጣ። መነጽር ያደረገ፣ ላቡን የሚጠርግ ወጣት ነው፤ ከማኅበሩም ሁለት ልጆች አብረውት አሉ። ጎረቤትም ተሰበሰበ። አማቴ የጥንት ካኪ ኮቱን ለብሶ፣ ቁልፉን ሁሉ ቆልፎ፣ ጀልባዋ አጠገብ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ባለሙያው በእጁ ዳሰሳት።

«አባባ፣ ይቺ የድሮ ናት ብለውኝ አልነበር? አዲስ ትመስላለች እኮ።»

«ወታደር ዕቃውን አይጥልም» አለ አማቴ። «በገዛ እጄ ነው ያበራኋት። አራት ቀን ፈጀብኝ። ይቺ ደግሞ ውሃ አቀብላኛለች።»

በአገጩ ወደ እኔ ጠቆመ።

ክንዴ እስከ ትከሻዬ አብጧል። ጥፍሬ ተልጧል። ባለሙያው ቅጽ አውጥቶ «ጥሩ ነው፤ እሑድ መኪና እንልካለን፣ እርስዎም አብረው ይመጣሉ» እያለ ሊጽፍ ነው። አማቴ የኮቱን ቁልፎች አንድ በአንድ እየዳሰሰ ነበር። ከደስታ ነው። አይቼዋለሁ። አይቼው ነው የተናገርኩት።

«ከመጻፍህ በፊት ከሥሯ ግባ» አልኩት ልጁን።

«ምን አሉ እትዬ?»

«ከሥሯ ግባና ወደ ላይ እይ።»

ገባ። እኔ በውጪ በኩል ጣቱ ከውስጥ ሲገፋው ያ ያበራሁት ቦታ ከፍ ዝቅ ሲል አየሁ፤ ሰማዩና ከአጥሩ ማዶ ያለው ዋርካ እንደ መስታወት ይታዩበት ነበርና አብረው ተንቀሳቀሱ። ወጥቶ ጉልበቱን አራገፈ።

«አባባ ይቅርታ» አለ። «ይቺ ሰው ይዛ ውሃ ላይ አትወጣም። ወለሏ አልቋል።»

አማቴ ልጁን አላየውም። ጀልባዋንም አላየም። ወደ እኔ ዞረ።

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ሰኞ» አልኩት።

«ዛሬ ሐሙስ ነው» አለ።

ልጆቹ ሲሄዱ አልሸኛቸውም። ካኪ ኮቱን እንደለበሰ ጎንበስ አለ፣ ውታፉን ከኋላዋ ፈትቶ ኪሱ ከተተና ገባ። ጎረቤቶቼ ማታ መጥተው የሰው ነፍስ አዳንሽ አሉኝ። እሺ አልኩ። ሰኞ ብናገር ኖሮ ግን ለብቻው ነበር የሚሰማው፤ ኮቱን ሳይለብስ፣ ሰው ሳይሰበሰብ። የሰው ነፍስ ለማዳን ሐሙስን መጠበቅ አያስፈልግም ነበር። ይህን ማንም አልጠየቀኝም።

ከዚያ በኋላ አራት ዓመት አላናገረኝም። የሠራሁትን ይበላል፣ ሳህኑን ይገፋል። ጀልባዋን መልሼ ገለበጥኳት፤ ከሥሯ በሁለቱ ድንጋይ ምትክ አሸዋ የሞላ ጆንያ አደረግሁላት። መጋቢት ሲመጣ ዝናቡ ከአሸንዳው ወርዶ በአፍንጫዋ ይገባል፣ ባዶ በሆነው ቀዳዳ ወጥቶ ወደ መንገድ ይፈሳል። እሱ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ ያያል። ውታፉን እንዲሰጠኝ ባሌ ለመነው፣ የንስሐ አባቱ ለመኑት፤ አይሰማም። የበቆሎ ቆረቆንዳ በፌስታል ጠቅልዬ ወተፍኩት። ያንጠባጥባል፤ በሁለተኛው ቀን ጀልባዋ ግማሽ ናት። አንዳንድ ቀን ጠዋት ስነሣ ቆረቆንዳው መሬት ላይ ወድቆ፣ ጀልባዋ ባዶ ሆና አገኛታለሁ። ውሃው ገፍቶት ይሁን እጅ ነክቶት ምዬ መናገር አልችልም። እኔ እጅ ነው ባይ ነኝ። ያን ያህል ሰው ጠልቼ አላውቅም፤ ጠዋት ሲስል እንኳ ጥርሴን እነክስ ነበር።

በአራተኛው ዓመት በየካቲት መጨረሻ ሞተ። ሬሳውን የሚገንዙት ሰዎች ገቡ፤ ልብሱን ሲያወልቁለት አንደኛው በመጋረጃው በኩል እጁን አወጣ።

«ይሄ ከኪሱ የተገኘ ነው። ምንድን ነው? አብሮት ይሂድ?»

ውታፉ ነው። ባሌ እኔን አየኝ። ተነሣሁና ከሰውየው እጅ ወሰድኩት።

ነሐሱ ያበራል። ስንት ሺህ ጊዜ በአውራ ጣቱ እንዳሸው አላውቅም፤ ሰም አልተቀባ፣ ማለስለሻ አልነካው፣ ግን እኔ አራት ቀን ለፍቼ ካበራኋት ጀልባ ይበልጥ ያበራል።

ሰው እያለቀሰ እኔ ወደ ጓሮ ሄድኩ። ቆረቆንዳውን ነቅዬ ጣልኩና ውታፉን አስገባሁት። ዝጎ እምቢ ይለኛል ብዬ መፍቻ ይዤ ነበር። በሁለት ጣቴ ነው የዞረው። አውጥቼ አየሁት፤ ጥርሱ ውስጥ ግራሶ፣ ለማሽን የሚቀባው ቅባት፣ አለ። የቆየ፣ የጠቆረ አይደለም፤ አዲስ ግራሶ ነው፣ ጣቴ ላይ ቀረ። አራት ዓመት ሙሉ፣ ለማን እንደሆነ እንጃ፣ እየቀባ አኑሮታል። ለእኔ ብሎ አይመስለኝም። ለሐይቁም ሊሆን አይችልም፤ ሐይቁ እንደቀረ ከማንም በላይ ያውቃል።

መልሼ አጠበቅሁት። ድንኳኑ ሳይነሣ በሦስተኛው ቀን ዝናብ መጣ፣ ከወትሮው ቀደም ብሎ። ጀልባዋ እስከ አፏ ሞላች፤ አንድ ጠብታ ከቀዳዳዋ አልወጣም። ለቀስተኛው እጁን የታጠበው በእሷ ውሃ ነው። እኔ አጠገቧ ቆሜ አለቀስኩ፤ ሰው ሁሉ ለአማቷ አለቀሰች አለ። ተናድጄ ነው ያለቀስኩት። ያን ግራሶ መቀባት የሚችል ሰው አንድ ቃል መናገር እንዴት ያቅተዋል? እኔስ ሰኞን እንዴት አቃተኝ? ግራሶውን በዚያው በሞተበት ቀን በጨርቅ ከጣቴ ላይ ጠርጌው ነበር፤ አሻራዬ ውስጥ የገባው ግን ለመልቀቅ ሁለት ቀን ፈጀበት።